በውጭ አገር በፋይናንስ ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር፦ ከማመልከት በፊት ሊጣሩ የሚገባቸው ጉዳዮች

የኢትዮጵያ የፋይናንስ ዘርፍ በቅርብ ዓመታት ከፍተኛ ለውጥ አስተናግዷል። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 መውጣቱን ተከትሎ የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ተቋቁሟል፤ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. በይፋ ተመርቋል፤ የውጭ ባንኮች በአገር ውስጥ እንዲሠሩ የሚፈቅድ የባንክ ሥራ አዋጅም ጸድቋል። ይህ ለውጥ በዘርፉ የሠለጠነ ባለሙያ ፍላጎትን የሚያሳድግ በመሆኑ፣ በውጭ አገር በፋይናንስ ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር የሚያቅዱ ዜጎች በርካታ ናቸው። ውሳኔው ብዙ ጊዜ የቤተሰብን የዓመታት ቁጠባ የሚጠይቅ ስለሆነ፣ አመልካቾች ከዚህ በታች የተዘረዘሩትን ጉዳዮች አስቀድመው እንዲያጣሩ ይመከራል።

የፕሮግራሙ ስምና ይዘት

ተመሳሳይ ስም ያላቸው ፕሮግራሞች የተለያየ ትምህርት ሊሰጡ ይችላሉ። የፋይናንስ ማስተርስ በአብዛኛው የኩባንያ ፋይናንስን፣ የኢንቨስትመንት ትንተናንና የፋይናንስ ገበያዎችን ያጠቃልላል፤ የሥራ ልምድ የሌላቸውን አዲስ ምሩቃንም ይቀበላል። የቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ (ኤምቢኤ) በአንጻሩ ስለ አጠቃላይ አመራር የሚያስተምር ሲሆን፣ ብዙ ተቋማት የዓመታት የሥራ ልምድ ይጠይቁበታል። የፋይናንስ ምህንድስናና የፋይናንስ ሒሳብ ፕሮግራሞች ደግሞ ጠንካራ የሒሳብ፣ የስታቲስቲክስና የኮምፒዩተር ፕሮግራሚንግ መሠረት ይፈልጋሉ። በሒሳብ አያያዝ ወይም በማኔጅመንት የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው አመልካች ወደ እነዚህ ከማመልከቱ በፊት የወሰዳቸውን የሒሳብ ኮርሶች ከመግቢያ መስፈርቱ ጋር ማነጻጸር ይኖርበታል።

ስለዚህ በመጀመሪያ መታየት ያለበት የኮርሶች ዝርዝር ነው። እንደ ሲኤፍኤ ያለ የሙያ ማረጋገጫ የማግኘት ዕቅድ ያለው አመልካች፣ የፕሮግራሙ ይዘት ከፈተናው ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረብ ተቋሙን ሊጠይቅ ይችላል።

የተቋሙ ዕውቅና እና የአቻ ግምት

ዲግሪው በሚሰጥበት አገር ሕጋዊ ዕውቅና የሌለው ተቋም፣ ምንም ያህል ማራኪ ድረ ገጽ ቢኖረው፣ ምርጫ ውስጥ ሊገባ አይገባም። ዕውቅናው መጣራት ያለበት ከተቋሙ መግለጫ ሳይሆን ከአገሩ የከፍተኛ ትምህርት ተቆጣጣሪ አካል ይፋዊ መዝገብ ነው። እንደ ኤኤሲኤስቢ እና ኢኪውስ ያሉ ዓለም አቀፍ የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች ዕውቅናዎች ተጨማሪ የጥራት ምልክት ናቸው፤ ሕጋዊ ዕውቅናን ግን አይተኩም።

በአገር ውስጥ የውጭ አገር የትምህርት ማስረጃን አቻ ግምት የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። በተለይ ሙሉ በሙሉ በበይነ መረብ ወይም በርቀት ለሚሰጡ ፕሮግራሞች፣ ማስረጃው በአገር ውስጥ ስለሚኖረው ተቀባይነት ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ባለሥልጣኑን መጠየቅ ያስፈልጋል። ከምረቃ በኋላ የሚገኝ አሉታዊ መልስ የወጣውን ጊዜና ገንዘብ አይመልስም።

የቆይታ ጊዜና ከምረቃ በኋላ ያለው ዕድል

ይህ ጉዳይ ከአገር አገር ስለሚለያይ በጥንቃቄ መነጻጸር አለበት።

በዩናይትድ ኪንግደም የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ብዙውን ጊዜ በ1 ዓመት ይጠናቀቃል። ይህ የኑሮ ወጪን ይቀንሳል። ሆኖም ከጃንዋሪ 2024 ወዲህ፣ ከጥቂት ሁኔታዎች በስተቀር፣ በኮርስ የሚሰጥ ማስተርስ የሚማሩ ተማሪዎች የትዳር ጓደኛና ልጆችን በጥገኝነት ይዘው መሄድ አይችሉም። ከምረቃ በኋላ ለሥራ የሚሰጠው የ2 ዓመት ፈቃድም ከጃንዋሪ 1 ቀን 2027 ጀምሮ ለሚያመለክቱ ወደ 18 ወራት ዝቅ ይላል። በሴፕቴምበር 2026 የ1 ዓመት ትምህርት የሚጀምር ተማሪ ፈቃዱን የሚጠይቀው ከዚያ ቀን በኋላ ስለሚሆን፣ ዕቅዱን በ18 ወራት ላይ መመሥረት ይኖርበታል።

በዩናይትድ ስቴትስ የኤፍ-1 ቪዛ ያለው ምሩቅ በተማረበት መስክ እስከ 12 ወራት ሊሠራ ይችላል። ትምህርቱ በሳይንስ፣ ቴክኖሎጂ፣ ምህንድስናና ሒሳብ ዘርፍ የተመዘገበ ከሆነ 24 ተጨማሪ ወራት ሊጠይቅ ይችላል። ይህ የሚወሰነው በፕሮግራሙ ስም ሳይሆን በመለያ ቁጥሩ ነው፤ ለምሳሌ የፋይናንስ ትንተና መለያ 30.7104 በዝርዝሩ ውስጥ ሲካተት፣ የአጠቃላይ ፋይናንስ መለያ 52.0801 አይካተትም። አመልካቾች መለያ ቁጥሩን ከዩኒቨርሲቲው በጽሑፍ እንዲጠይቁ፣ በሚላክላቸው የአይ-20 ቅጽ ላይም እንዲያረጋግጡ ይመከራል።

በጀርመን አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ለመደበኛ ማስተርስ የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም፤ በባደን ቩርተምበርግ ክልል ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጡ ተማሪዎች በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ይከፍላሉ። ምሩቃን ሥራ ለመፈለግ እስከ 18 ወራት የሚደርስ የመኖሪያ ፈቃድ ማግኘት ይችላሉ። ትምህርቱ የሚሰጥበት ቋንቋ ጀርመንኛ ወይም እንግሊዝኛ መሆኑ ግን በቅድሚያ መታወቅ አለበት።

ወጪና የውጭ ምንዛሪ

የትምህርት ክፍያ የወጪው አንድ ክፍል ብቻ ነው። የቪዛ ክፍያ፣ የጤና መድን፣ የመኖሪያ ቤት፣ የጉዞና የፈተና ወጪዎች አብረው መሰላት አለባቸው። ለጀርመን ቪዛ ብዙ አመልካቾች ለ1 ዓመት ኑሮ የሚሆን 11,904 ዩሮ በዝግ ሒሳብ ማስያዝ ይጠበቅባቸዋል። ለዩናይትድ ኪንግደም ቪዛ ደግሞ ያልተከፈለው የአንድ ዓመት የትምህርት ክፍያና እስከ 9 ወራት ያለው የኑሮ ወጪ በባንክ ሒሳብ ውስጥ ለ28 ተከታታይ ቀናት ሳይጎድል መቆየት አለበት። በዚህ ጊዜ ውስጥ ለአንድ ቀን እንኳ ከተፈላጊው መጠን በታች መውረዱ ማመልከቻውን ውድቅ ሊያስደርግ ይችላል።

በጀቱ በብር ብቻ መያዝ የለበትም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። የ2 ዓመት ፕሮግራም የሚመርጥ ቤተሰብ የሁለተኛውን ዓመት ክፍያ ሲያሰላ የተመን ለውጥን ታሳቢ ማድረግ ይገባዋል። ክፍያውም በባንክ በኩል በቀጥታ በዩኒቨርሲቲው ስም ወደሚገኝ ሒሳብ መላክ አለበት።

የነጻ ትምህርት ዕድል የሚፈልጉ ዜጎች እንደ ቺቭኒንግ፣ ዳድ እና ኢራስመስ ሙንደስ ያሉትን ሊመለከቱ ይችላሉ። እያንዳንዱ የራሱ ግዴታ አለው፤ ለምሳሌ ቺቭኒንግ ቢያንስ የ2 ዓመት የሥራ ልምድ የሚጠይቅ ሲሆን፣ ተጠቃሚው ከትምህርቱ በኋላ ወደ አገሩ ተመልሶ ቢያንስ 2 ዓመት እንዲቆይ ያስገድዳል።

የማመልከቻ ሰነዶች

• የስም አጻጻፍ፦ በፓስፖርት፣ በዲግሪና በትራንስክሪፕት ላይ ያለው የእንግሊዝኛ ፊደል አጻጻፍ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። የአያት ስም በአንዱ ሰነድ ላይ ተጽፎ በሌላው ላይ አለመገኘቱ ጥያቄ ሊያስነሳ ስለሚችል ቀድሞ መስተካከል ይኖርበታል።
• ኦፊሻል ትራንስክሪፕት፦ ከመንግሥት ተቋም የተመረቁ አመልካቾች የወጪ መጋራት ግዴታቸው ያለበትን ሁኔታ ከሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት ጋር ቀድመው ማጣራት ይገባቸዋል።
• ፈተናዎች፦ የአይኤልትስ ውጤት በአብዛኛው ለ2 ዓመት፣ የጂማት እና የጂአርኢ ውጤቶች ለ5 ዓመት ያገለግላሉ። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች በእንግሊዝኛ መማርን የሚገልጽ ደብዳቤ ይቀበላሉ፤ ከመመዝገብ በፊት መጠየቅ አላስፈላጊ ወጪን ያስቀራል።
• ቀናት፦ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ቀናት ወደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በትክክል መመለሳቸው መረጋገጥ አለበት።

ከአሳሳች ወኪሎች መጠንቀቅ

ቪዛ የሚሰጠው ወይም የሚከለክለው የሚመለከተው አገር መንግሥት ብቻ ነው። ስለሆነም “ቪዛ በእርግጠኝነት እናስገኛለን” የሚል፣ የዩኒቨርሲቲን ክፍያ በግለሰብ ሒሳብ የሚቀበል፣ ወይም ሐሰተኛ የባንክ መግለጫ ለማዘጋጀት የሚጋብዝ ወኪል ሊታመን አይገባም። ሐሰተኛ ሰነድ ማቅረብ በወንጀል የሚያስጠይቅ ከመሆኑም በላይ፣ ለዓመታት የቪዛ ክልከላ ሊያስከትል ይችላል። የመቀበያ ደብዳቤ በወኪል በኩል የደረሰው አመልካች፣ ትክክለኛነቱን በዩኒቨርሲቲው ይፋዊ አድራሻ በራሱ ጠይቆ ሊያረጋግጥ ይገባል።

የቪዛ መስፈርቶችና ክፍያዎች በየጊዜው ስለሚሻሻሉ፣ አመልካቾች ገንዘብ ከመክፈላቸው በፊት የሚሄዱበትን አገር ኤምባሲና የዩኒቨርሲቲውን ወቅታዊ መረጃ እንዲመለከቱ ይመከራል።