የ3,000 ብር ዕድገት በ228 ብር ኪሳራ

በአዲስ አበባ በአንድ የግል ሆስፒታል የጽኑ ሕሙማን ክፍል ለ8 ዓመታት የሠራች ነርስ ሰሞኑን የዕድገት ደብዳቤ ደርሷታል። ደብዳቤው የክፍሉ ኃላፊ ነርስ ያደርጋታል፤ የወር ደመወዟንም ከ12,000 ወደ 15,000 ብር ያሳድገዋል። ባልደረቦቿ «እንኳን ደስ ያለሽ» ብለዋታል። ስሟ እንዲጠቀስ ያልፈለገችው ነርስ ግን እስካሁን አልፈረመችም። መልስ እንድትሰጥ የተቀጠረላት ለፊታችን ዓርብ ነው።

ለላይ ተመልካች የሚያመነታ ነገር የለውም። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ ግን ከ10,000 ብር በላይ እስከ 14,000 ያለው ገቢ 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ያለው ደግሞ 35 በመቶ ግብር ይከፈልበታል። በዚህ ስሌት ከጭማሪው 950 ብር ለግብር፣ 210 ብር ለ7 በመቶው የጡረታ መዋጮ ይሄዳል። እጇ የሚገባው 1,840 ብር ብቻ ነው።

በሌላው የሚዛን ጎን ያለው ትርፍ ሰዓት ነው። ነርሷ በወር 30 ሰዓት ያህል ሌሊት ትርፍ ሰዓት ትሠራለች። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የሚሠራ ትርፍ ሰዓት በመደበኛው የሰዓት ክፍያ 1.75 ተባዝቶ ይከፈላል። የ12,000 ብር ደመወዝ ለ208 ሰዓት ሲካፈል 57 ብር ከ69 ሳንቲም ይመጣል። 30ው ሰዓት 3,028 ብር ያስገኛል ማለት ነው። ትርፍ ሰዓት የጡረታ መዋጮ ስለማይቆረጥበት ከግብር በኋላ 2,068 ብር ይተርፋል። ለኃላፊ ነርስ ደግሞ ትርፍ ሰዓት እንደማይከፈል ደብዳቤው በግልጽ አስፍሯል። ዕድገቱን ብትቀበል በወር 228 ብር ትከስራለች።

«የልጄ የትምህርት ቤት ክፍያ የሚወጣው ከሌሊቱ ሥራ ነው» ትላለች።

ሆኖም ነጋዴ እንደሚያውቀው ሒሳብ በአንድ ዓምድ አያልቅም። 228 ብር ከፍሎ 30 ሰዓት የሌሊት እንቅልፍ መግዛት ርካሽ ነው፤ ሰዓቱ ከ8 ብር በታች ይወድቃል። ወገቧን ያመማት ነርስ ይህን ዋጋ አትጠላውም። ጥያቄው ሰዓቱ በእርግጥ ይመለሳል ወይ ነው። ተረኛ ስትቀር የሚደወለው ለኃላፊዋ ነው። በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ያለን በሽተኛ «ነገ እንገናኝ» ብሎ ማቆየት ስለማይቻል፣ ተተኪ ካልተገኘ የምትመጣው ራሷ ናት። ለፋሲካ ሌሊት ማን ተረኛ እንደሚሆን የምትወስነውም እርሷ ናት፤ ትናንት አብረዋት ቡና ይጠጡ በነበሩት ላይ!

ሌላም አለ። አዋጁ «የሥራ መሪ» የሆነን ሰው አይሸፍንም። ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማገድ ወይም የመመደብ ሥልጣን የተሰጠው ሰው በዚህ ስም ሊጠራ ይችላል። ተረኛ መመደብ ብቻውን የሥራ መሪ ያሰኛል ወይ የሚለው እንደ ሥልጣኑ ስፋት የሚታይ ነው። ከተባለች ግን የ48 ሰዓቱ የሳምንት ጣሪያም ሆነ የትርፍ ሰዓት ክፍያው ይቀርና ጉዳይዋ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ይዳኛል። ደብዳቤው ስለ ሥልጣኗ ወሰን የሚለው ነገር የለም።

ለጡረታ የተቃረበ ሰው ቢሆን ሒሳቡ ይገለበጥ ነበር። አበሉ የሚሰላው በመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ ስለሆነ ጭማሪው ዕድሜ ልክ ይከተለዋል። እርሷ ገና 32 ዓመቷ ነው።

የሆስፒታል ባለቤቶችም ቢያስቡበት አይከፋም። በሳል የጽኑ ሕሙማን ነርስ በባሕረ ሰላጤው አገሮችም ትፈለጋለች። እርሷን ለማቆየት የሚወጣው ከአዲስ ቅጥርና ሥልጠና ወጪ ብዙ ጊዜ ያንሳል።

ነርሷ መልሷን በጽሑፍ አዘጋጅታለች። ደመወዙ ቢያንስ 15,400 ብር እንዲሆን፣ ይህም ኪሳራውን ብቻ ይሸፍናል፣ ሌሊት የሚጠራ ተጠባባቂ ነርስ እንዲመደብና የሥልጣኗ ወሰን በደብዳቤው እንዲጻፍ ትጠይቃለች። ሦስተኛው ካልተጻፈ አልፈርምም ብላለች። ሐሙስ ሌሊት ተረኛ ስለሆነች የምታስገባው ዓርብ ጧት ከሥራ ስትወጣ ነው።