ኖ-ሪፍሎው

ኖ-ሪፍሎው (የደም ፍሰት አለመመለስ) ማለት የተዘጋ የልብ ደም ቅዳ ቧንቧ በሕክምና ከተከፈተ በኋላም ደም ወደ ልብ ጡንቻ በበቂ መጠን የማይደርስበት ችግር ነው። በብዛት የሚታየው ድንገተኛ የልብ ጥቃት ደርሶባቸው በባሉንና በስቴንት በሚታከሙ ሰዎች ላይ ነው። ችግሩ የገጠማቸው ሕመምተኞች ለልብ ድካምና ለሞት ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው።

ታሪክ

ስያሜው አስቀድሞ የተሰጠው በአንጎል ላይ ለታየ ተመሳሳይ ሁኔታ ሲሆን፣ ይህም በ1968 እ.ኤ.አ. በጥንቸሎች ላይ በተደረገ ጥናት ተገልጿል። በ1974 እ.ኤ.አ. ሮበርት ክሎነር፣ ቻርልስ ጋኖትና ሮበርት ጄኒንግስ የውሾችን የልብ ቧንቧ ለተወሰነ ጊዜ ዘግተው ከፈቱ። ቧንቧው ለ40 ደቂቃ ብቻ ሲዘጋ ደም ወደ ጡንቻው በሚገባ ተመለሰ። ለ90 ደቂቃ ሲዘጋ ግን ቧንቧው ቢከፈትም የጡንቻው ውስጠኛ ክፍል ደም ሳያገኝ ቀረ። አንድሪያስ ግሩንትዚግ በዙሪክ የመጀመሪያውን የልብ ቧንቧ በባሉን የመክፈት ሕክምና ያደረገው ከዚህ በኋላ፣ በ1977 እ.ኤ.አ. ነው።

መንስኤ

ባሉንና ስቴንት የሚከፍቱት ትልቁን ቧንቧ ነው። ጡንቻው ግን የሚመገበው በዓይን በማይታዩ ቀጫጭን የደም ሥሮች ነው። ዋናው የውኃ መስመር ተጠግኖ ወደየቤቱ የሚገቡት ቧንቧዎች እንደተደፈኑ ቢቀሩ ውኃ እንደማይደርስ ሁሉ፣ እዚህም የሚሆነው ይኸው ነው። ቀጫጭኖቹ ሥሮች የሚዘጉባቸው ዋና ዋና ምክንያቶች የሚከተሉት ናቸው፦

* ባሉኑ ሲነፋ ከረጋ ደምና ከስብ ክምችት የሚፈነጠቁ ቅንጣቶች ወደ ታች ወርደው መወተፋቸው፤
* ኦክስጅን ያጣው የሥሮቹ ግድግዳና በዙሪያቸው ያለው ጡንቻ ማበጥ፤
* ደም ሲመለስ ነጭ የደም ሕዋሳትና ፕሌትሌቶች ተጠራቅመው መንገዱን መዝጋታቸው፤
* የሥሮቹ መኮማተር።

ምርመራ

በአንጂዮግራም ላይ ፍሰቱ «ቲሚ» በተባለ ከ0 እስከ 3 ባለው መለኪያ ይመዘናል፤ 0 ፍሰት አለመኖሩን፣ 3 ደግሞ ፍሰቱ መደበኛ መሆኑን ያሳያል። ይሁን እንጂ የቲሚ ውጤቱ 3 ሆኖ ጡንቻው ደም ያላገኘበት ጊዜ አለ። ስለዚህ የኢ.ሲ.ጂ. ለውጥ አብሮ ይታያል። የተጎዳውን ስፍራ በግልጽ የሚያሳየው የልብ ኤምአርአይ ነው።

ሕክምናና መከላከል

ሐኪሞች አዴኖሲን፣ ቬራፓሚል ወይም ናይትሮፕሩሳይድ የተባሉ መድኃኒቶችን በቀጥታ ወደ ልብ ቧንቧ ይሰጣሉ። መድኃኒቶቹ ፍሰቱን ሊያሻሽሉ ቢችሉም ሞትን እንደሚቀንሱ በአስተማማኝ ሁኔታ አልተረጋገጠም። የረጋውን ደም አስቀድሞ መምጠጥም ተሞክሯል፤ ሆኖም በ2013 እና በ2015 እ.ኤ.አ. የወጡ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች ይህን ለሁሉም ሕመምተኛ ማድረግ ሞትን እንደማይቀንስ አሳይተዋል።

ቧንቧው ተዘግቶ በቆየ ቁጥር አደጋው ስለሚጨምር ዋናው መከላከያ ፍጥነት ነው። የአሜሪካ የሕክምና መመሪያዎች ሕመምተኛው የሕክምና ባለሙያ ካገኘበት ጊዜ ጀምሮ ቧንቧው በ90 ደቂቃ ውስጥ እንዲከፈት ይመክራሉ። ይህ ጊዜ ግን ሕመምተኛው ቤቱ የቆየበትን ሰዓት አይቆጥርም። በዚህ ምክንያት የማይለቅ የደረት ሕመም የተሰማው ሰው ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል መሄድ አለበት።