አንድ ቀን በዊንድሶር

ልጁን ለትምህርት ወደ ባሕር ማዶ የሰደደ ወላጅ ሁሉ፥ ሌሊት ከእንቅልፉ ነቅቶ «ልጄ አሁን እንዴት ሆኖ ይሆን?» ብሎ ማሰቡ አይቀርም። የእኅታችን ልጅ የሕንጻ ሥራ ሊማር ሎንዶን ከገባ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። በመጀመሪያዎቹ ወራት በየሳምንቱ በስልክ ድምፁን ያሰማ ነበር፤ ኋላ ግን ትምህርቱም ቢከብደው፥ ባልንጀራም ቢበዛለት፥ መደወሉን እየተወው ሄደ። እናቱ ስትወቅሰውም «ፋታ ዐጣሁ» ይላት ነበር። በቅርቡ ስለ አንድ ቀን ጕዞው ረዥም ደብዳቤ ጽፎልናል። ነገሩ ለወላጆችም ለልጆችም የሚጠቅም ሆኖ ስላገኘነው፥ ፍሬውን ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን። ዓ.ም. ያልተባለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

የሄደው ከሎንዶን በስተምዕራብ ወደምትገኘው ወደ ዊንድሶር ነበር። ቅዳሜን የመረጠውም፥ በግምቡ ቅጥር ውስጥ ያለው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን እሑድ ለጸሎተኛ እንጂ ለጐብኚ ስለማይከፈት ነው። ዋተርሉ ከሚባለው ጣቢያ በባቡር ተሳፍሮ፥ አንድ ሰዓት ያህል ተጕዞ በቴምዝ ወንዝ አጠገብ ወረደ። ቀና ቢል ግምቡ ከከተማዪቱ በላይ ከፍ ብሎ ታየው።

ይህን ግምብ በ1070 ገደማ ያስጀመረው ንጉሥ ዊልያም ነው። መጀመሪያ የዐፈር ክምርና የእንጨት አጥር ነበር፤ በኋላ የተነሡት ነገሥታት በድንጋይ አጸኑት። ዛሬም የንጉሥ መኖሪያ ነው። ንጉሡ በውስጡ ሲኖሩ የንጉሡ ዓርማ፥ በማይኖሩበት ጊዜ የአገሪቱ ሰንደቅ ዓላማ በክቡ ግምብ ላይ ይሰቀላል። በ1992 እሳት ተነሥቶ 115 ክፍሎችን ጐዳ፤ እድሳቱም 5 ዓመት ፈጀ። ከወጪው የሚበልጠው እጅ የተገኘው፥ በሎንዶን ያለውን የበኪንግሃምን ቤተ መንግሥት ለሕዝብ ከፍቶ ከጐብኚ በተሰበሰበው የመግቢያ ዋጋ ነው። የእኅታችን ልጅ በተለይ የትልቁን አዳራሽ ጣራ አድንቋል፤ እንጨቱ በጥንት አናጢዎች አሠራር ተገጣጥሞ የቆመ ነውና።

ከዚያ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ገባ። ሕንጻውን በ1475 ንጉሥ ኤድዋርድ 4ኛ አስጀምረውት፥ በ1528 በሄንሪ 8ኛ ዘመን ተፈጸመ። ሄንሪ 8ኛም፥ በ2022 ያረፉት ንግሥት ኤልሣቤጥ 2ኛም የተቀበሩት በዚሁ ነው። በ1348 የተመሠረተውን የጋርተርን ኒሻን የተሸለሙ ሰዎች ዓርማቸው በውስጡ ይሰቀላል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ይህን ኒሻን በ1954 ተሸልመው ነበር።

ይህን ሁሉ እያደነቀ ሲዘዋወር፥ በአንዲት የነሐስ ሰሌዳ ላይ የአገሩን ሰው ስም አነበበ፤ የዳግማዊ ዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ የልዑል ዓለማየሁ መታሰቢያ ናት። ያኖሩአት ንግሥት ቪክቶሪያ ሲሆኑ፥ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 እንግዳን ስለ መቀበል የተነገረው ቃል ተቀርጾባታል።

ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ሲሞቱ፥ ልዑሉ ገና ሰባት ዓመት አልሞላቸውም ነበር። እናታቸው እቴጌ ጥሩወርቅ ከእንግሊዝ ጦር ጋራ ሲጓዙ በትግራይ ምድር ታመው ዐረፉ። ከዚህ በኋላ ልዑሉ አባትም እናትም ሳይኖራቸው ባሕሩን ተሻገሩ። በራግቢ ትምህርት ቤት፥ ኋላም በሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ተማሩ። በኅዳር 1872 ዓ.ም. ሊድስ በምትባል ከተማ ሳሉ በሳንባ ሕመም ዐረፉ፤ ዕድሜአቸውም 18 ዓመት ነበረ። ዐፅማቸው እንዲመለስ የኢትዮጵያ መንግሥት በ2007 ጠይቆ ነበር። በ2023 ግን የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት፥ በአጠገባቸው የተቀበሩትን የብዙ ሰዎች ዐፅም ሳይነኩ ማውጣት አይቻልም ሲል መለሰ። በዚያው ዓመት ከራስ ጠጕራቸው የተቈረጠ ዘለላ በሎንዶን ለኢትዮጵያ ኤምባሲ ተሰጥቷል።

«በሰሌዳዋ ፊት ቆሜ የራሴን ነገር ዐሰብሁ» ይላል ደብዳቤው። «እኔ የመጣሁት በፈቃዴ ነው፤ እናቴ በሕይወት አለች፤ ስልኩም በኪሴ ነው። እርሳቸው እናታቸውን ሊጠሩ ቢፈልጉ የሚሰማቸው አልነበረም። እኔ ግን የምትሰማኝ እያለች ፋታ ዐጣሁ እላለሁ።»

ማታ የመመለሻውን ባቡር ሲጠብቅ ከጣቢያው ደወለ። በአገራችን መሽቶ ስለ ነበር እናቱ ደንግጣ ተነሣች። «ምን ሆንህ ልጄ?» ብትለው፥ «ምንም አልሆንሁም እማዬ፤ ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነው» አላት። እርስዋም ለጥቂት ጊዜ መልስ መስጠት አልቻለችም።

ለልጅ የሚላከው ገንዘብና ልብስ መልካም ነው፤ ነገር ግን በሰው አገር ያለ ልጅ የቤቱን ወሬ፥ ወላጅም የልጁን ድምፅ የሚያገኙት እርስ በርሳቸው ሲጠያየቁ ብቻ ነው። ዊንድሶርን ለማየት የሚሄድ የአገራችን ተማሪ ቢኖር፥ የግምቡን ታላቅነት አይቶ ሲጠግብ ያችን ሰሌዳ ፈልጎ ያንብብ።

ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ ልጁ በየሳምንቱ እሑድ ማታ ይደውላል። እኅታችንም እሑድ ማታ ቢጠሩአት ከቤቷ አትወጣም።