ያውቁ ኖሯል? ፍርድ ቤት ያልተቀበለው የውሸት መመርመሪያ

እ.ኤ.አ. በ1922 ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ጀምስ ፍራይ የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ በነፍስ ግድያ ተከሶ ቀረበ። የሥነ ልቦና ባለሙያው ዊልያም ማርስተን (ኋላ «ወንደር ዉመን»ን የፈጠረው ሰው ነው) የደም ግፊቱን እየለካ ጠይቆት፣ አልገደልኩም ማለቱ እውነት ነው ከሚል ድምዳሜ ደረሰ። ጠበቆቹ ማርስተን ይመስክርልን ቢሉም ዳኛው አልፈቀዱም። ፍራይ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት።

በ1923 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ክልከላውን አጸና። አጭር ውሳኔው ያኖረው መመዘኛ ግን ለአሥርታት ዘለቀ፦ ባለሙያ የሚመሰክርበት ሳይንስ በዘርፉ ምሁራን ዘንድ አጠቃላይ ተቀባይነት ያገኘ ይሁን። የፌደራል ፍርድ ቤቶች የተዉት በ1993 ነው፤ ዛሬም የሚሠሩበት ክፍላተ ግዛት አሉ።

ጥንቃቄው ተገቢ ነው። የውሸት መመርመሪያው ፖሊግራፍ የሚለካው የልብ ምትን፣ ትንፋሽንና ላብን እንጂ ውሸትን አይደለም። በግድያ የተጠረጠረ ንጹሕ ሰውም ልቡ ይደልቃል፤ ያ ድንጋጤ ማስረጃ ሆኖ ቢቆጠርበት ግፍ ነው። በ1998 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፖሊግራፍ ውጤት በወታደራዊ ችሎት እንዳይቀርብ የሚከለክለውን ደንብ ደግፏል። ኒው ሜክሲኮ ግን በራሷ ሕግ፣ ሁኔታዎች ሲሟሉ፣ ለጁሪ እንዲቀርብ ትፈቅዳለች።