ከእግራችን ሥር የእሳት ባሕር የለም

በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ፈንታሌ አካባቢ መሬቱ ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ፣ ንዝረቱም አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ፣ አንድ ቪዲዮ ከስልክ ስልክ ዞረ። «ከሥራችን ያለው የቀለጠ እሳት ባሕር ነው፤ ቅርፊቱ ከተሰነጠቀ አገሩ ይሰምጣል» ይላል። ጎረቤታችን ያሉ አንዲት እናት ይህን ሰምተው ሦስት ሌሊት ደጅ አደሩ። ቤት ሲነቃነቅ መውጣትስ ልክ ነው፤ እሳቸው ግን የሸሹት ባሕሩን ነበር። የታኅሣሥ ብርድ የሰጣቸው ሳል እስከ ፋሲካ አልለቀቃቸውም።

ኤርታ አሌ ላይ የሚንተከተከውን ያየ ሰው «ከታች ሁሉ እንዲህ ነው» ቢል አልፈርድበትም። የምፈርደው ተመልካች ለማብዛት ብሎ በሚያስፈራራው ላይ ነው።

ገበያ ላይ እንስራ የሚገዛ ሰው በጣቱ አንኳኩቶ ያዳምጣል፤ ዓይኑ ያላየውን ስንጥቅ ጆሮው ይነግረዋል። ምድርን የሚያንኳኳልን ሩቅ አገር የሚነሣ ርዕደ መሬት ነው። ከሞገዶቹ አንዱ፣ ኤስ የሚባለው፣ አለቱን ወደ ጎን እየወዘወዘ ይጓዛል፤ ፈሳሽ ውስጥ ግን አያልፍም። ይኸው ሞገድ ከቅርፊቱ ሥር ያለውን ወፍራም የአለት ንብርብር፣ ማንትልን፣ አቋርጦ ይወርዳል፤ መንገድ የሚያጣው 2,900 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ የቀለጠው ብረት ሲገጥመው ነው። ባሕሩ ቢኖር ኖሮ ገና ከቅርፊቱ ሥር በቀረ ነበር።

ደቡብ አፍሪካ ላይ ደግሞ ማስረጃው ይብስ ይጠነክራል። ካፕቫል የሚባለው ጥንታዊ የአህጉር ክፍል ከ3 ቢሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ያላቸው አለቶች አሉት። ከ1997 እስከ 1999 እ.ኤ.አ. ከዚያ እስከ ዚምባብዌ ድረስ ከ80 በላይ ቦታዎች ላይ ሞገዶቹን የሚመዘግብ መሣሪያ ተተከለ። ሞገዶቹ ፈጥነው ደረሱ፤ ቀዝቃዛ አለት ያፈጥናቸዋላ። የአህጉሩ ሥር ቢያንስ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ይወርዳል ማለት ነው። ከኪምበርሊ አልማዝ ጋር በጥንት እሳተ ገሞራ ተገፍተው የወጡት የድንጋይ ቁርጥራጮችም ይህንኑ ይመሰክራሉ። ሥሩ በትክክል የት ላይ እንደሚያልቅ ግን ባለሙያዎቹ ራሳቸው አልተስማሙም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ አፋር ሥር ሞገዱ ይዘገያል። አለቱ ትኩስ ነው፣ ጥቂት የቀለጠ አለትም ይዟል፤ ግን ውኃ እንደነካው ስፖንጅ ነው።

«መሣሪያው የነገውን ይተነብያል» ለሚሉም፦ የሚመዘግበው የሆነውን ብቻ ነው። «ተቆፍሮ ታይቷል» ለሚሉ ደግሞ፦ ሩሲያ፣ ኮላ ላይ የተቆፈረው ጥልቁ ጉድጓድ 12 ኪሎ ሜትርን ጥቂት አልፎ ቆሟል።

ይህን ሁሉ ለጎረቤቴ ነገርኳቸው። «ታዲያ ያን ጊዜ የት ነበርክ?» አሉኝ፣ እየሳሉ።