ማዳበሪያው ከዝናቡ ሲቀድም

ከእርሻ አፈር ስለሚወጣ ጋዝ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ስንት ማዳበሪያ ገባ ተብሎ ነው። ዝናብ አጠር በሆነው በመልካሳ ዙሪያ ወይም በራያ ቆቦ ማሳ ግን «መቼ ገባ?» የሚለው ቢቀድም ይሻላል።

በበጋ የደረቀ አፈር የመጀመሪያውን ዝናብ ሲያገኝ፣ ከድርቁ የተረፉት ረቂቅ ተሕዋስያን ባለቁት በድንና በብስባሹ ላይ ይረባረባሉ፤ በሰዓታት ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈልቃል። ኬንያ፣ ሙጉጋ ይሠራ የነበረው በርች በ1958 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ ጽፎ ስለነበር ክስተቱ በስሙ ይጠራል። ይበልጥ የሚያሳስበው አብሮ የሚወጣው ናይትረስ ኦክሳይድ ነው፤ በመቶ ዓመት ስሌት አንድ ኪሎው 273 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያህል ያሞቃል። በበጋው የተጠራቀመው ናይትሬት ውሃ የሚያገኘው ሰብሉ ሥር ሳይሰድ ነው። የሚሻማ ተክል ስለሌለ ከፊሉ ጋዝ ሆኖ ያመልጣል።

ለዓመታት ሲመከር የኖረውን በሄክታር 100 ኪሎ ዳፕና 100 ኪሎ ዩሪያ እንውሰድ። ናይትሮጅኑ 64 ኪሎ ነው። የአየር ንብረት ለውጥን የሚገመግመው የመንግሥታት ፓናል (አይፒሲሲ) በ2019 እ.ኤ.አ. ባሻሻለው መመሪያ፣ በደረቅ አካባቢ ከዚህ 0.5 በመቶው በናይትረስ ኦክሳይድ መልክ በቀጥታ ይወጣል ተብሎ ይታሰባል፤ በእርጥብ አካባቢ ለፋብሪካ ማዳበሪያ 1.6 በመቶ። ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲመነዘር በደረቁ 137፣ በእርጥቡ 440 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ቆላው ተመስገን የሚያሰኝ ነው። ሆኖም ይህ አማካይ፣ ልቀቱ በጥቂት የዝናብ ቀናት ላይ እንደሚከማች አያሳይም።

ስለዚህ ዩሪያን በዘር ቀን ሙሉውን ከመበተን ከፋፍሎ፣ ሰብሉ ከቆመ በኋላ፣ ከሥሩ አጠገብ አፈር አልብሶ መስጠት ያዋጣል። ላይ ላዩን ከተበተነው ከፊሉ አሞኒያ ሆኖ ይተናል፤ አሞኒያ ራሱ ምድርን ባያሞቅም፣ ሌላ ቦታ ሲያርፍ ከፊሉ ወደ ናይትረስ ኦክሳይድ ይለወጣል። (የገበሬው ብርም አብሮ ይተናል።)

የእርሻ ድግግሞሽ ቀንሱ የሚለው ሌላው ምክር ለመናገር ይቀላል። ማረሻ አፈሩን ይሰነጥቃል እንጂ አይገለብጥም፤ በትልሞቹ መካከል ያልተነካ መሬት ስለሚተርፍ አግድም መድገም ግድ ነው። ጤፍ ደግሞ ዘሩ ደቃቅ በመሆኑ የለሰለሰ መሬት ይፈልጋል፤ ከገመሳው እስከ ዘሩ ሦስት አራቴ ይታረስለታል። እያንዳንዱ ድገማ በጓሉ ውስጥ የተሸሸገውን ብስባሽ ለተሕዋስያኑ ያጋልጣል። ማሽላ ይህን ያህል ልስላሴ ስለማይሻ፣ እርሻ መቀነሱ ከእሱ ቢጀመር ይመረጣል።

አገዳው ማሳ ላይ ይቅር የሚለው ምክር አፈሩን ይጠቅማል፤ ነገር ግን አገዳው የከብት መኖ፣ ማገዶና የአጥር መሥሪያ ነው። እኔ ብሆን በዩሪያው ጊዜ እጀምራለሁ፤ እሱን ለመቀየር የበሬውን ድርሻ መንካት አያስፈልግም።