ገንዘብ ከመክፈላችን በፊት ክዳኑን እንክፈት

እ.ኤ.አ. በ2023 በግንቦት ወር ከመርከዝ ክሊታ ወጥተን ቂርያት ጋት ወደሚገኘው ቤታችን ስንገባ በብዙ ጥንቃቄ የተሸከምነው ቴሌቪዥኑን ነበር። ለልጆቹ ትምህርት ብለን አሮጌውን የገዛነውን ኮምፒዩተር ግን ከፍራሽና ከድስት ጋር ጫንነው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ትልቋ ልጃችን ለባግሩት የምታስረክበውን ጽሑፍ ስትጽፍ ማሽኑ በኃይል ጮኸና ድርግም ብሎ ጠፋ፤ ጽሑፉም አብሮ ጠፋ። ግማሽ ሰዓት አሳርፈን ስንከፍተው ሠራ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ደግሞ ጠፋ።

አያታቸው “ደክሞታል፣ ተዉት ይረፍ” አሉ። ቴክናዩ በበኩሉ ክዳኑን እንኳ ሳይፈታ ዋናው ሰሌዳ፣ በዕብራይስጥ “ሉዋሕ ኤም” የሚባለው፣ ተቃጥሏልና 900 ሼቄል አምጡ አለን። ቋንቋው ገና ስላልገባን “ለምን?” ብለን ለመጠየቅ አፍረን ተመለስን። አሁን ስናስበው ከሁለቱ ለእውነቱ የቀረቡት አያትየው ነበሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኮምፒዩተር አንጎል ፕሮሰሰር ይባላል፤ በዕብራይስጥ “መዓቤድ” ነው። ከክብሪት ቀፎ ብዙም የማይበልጥ ሲሆን፣ በብዙ የቤት ኮምፒዩተሮች ውስጥ ያለው 65 ዋት ያህል ይወስዳል። የድሮውን ባለ 60 ዋት አምፖል በርቶ ሳለ በእጁ የነካ ሰው ይህ ምን ያህል ሙቀት እንደሆነ ያውቃል። ሙቀቱን ተቀብሎ የሚበትነው ከላዩ የተጫነው ባለ ብዙ ቅጠል ብረት ነው፤ በብረቱ ላይ ደግሞ ማራገቢያ ይሽከረከራል። ሙቀቱ መውጫ ካጣ ፕሮሰሰሩ መጀመሪያ ሥራውን ያዘገያል። ከ90 እስከ 100 ዲግሪ፣ ማለትም ውሃ እስከሚፈላበት ድረስ ከደረሰና ካለፈ ግን ሳይቃጠል ማሽኑን ያጠፋዋል። ስለዚህ በድንገት መጥፋቱ ብዙ ጊዜ ራሱን ማዳኑ እንጂ መሞቱ አይደለም።

ኮምፒዩተር የሚያውቅ የጎረቤታችን ልጅ መጥቶ መጀመሪያ ያደረገው ሙቀቱን መለካት ነው። ማሽኑ ሲነሳ “ዴል” ወይም “ኤፍ2” የሚለውን ቁልፍ ደጋግሞ ሲጫን አንድ ገጽ ወጣ፤ በእሱ ላይ የፕሮሰሰሩ ሙቀት በዲግሪ ተጽፏል። ምንም ሳይሠራ ከ30 እስከ 50 ቢሆን ደህና ነው። የእኛው 88 ደርሶ ገና እየወጣ ነበር።

ከዚያም ሶኬቱን ነቅሎ የጎን ክዳኑን ፈታ። በብረቱ ቅጠሎች መካከል ያለው አቧራ እንደ ተባዘተ ጥጥ ሆኗል፤ የሀምሲን ነፋስ በሚነፍስበት አገር ይህ አያስደንቅም። ዋናው ጥፋት ግን ሌላ ነበር። ብረቱን ከሰሌዳው ጋር ከሚያያይዙት አራት የፕላስቲክ እግሮች አንዱ፣ ምናልባትም በጉዞ ላይ፣ ወልቋል። ብረቱ ዘመም ብሎ ፕሮሰሰሩን በአንድ ጠርዝ ብቻ ይነካ ነበር። በመካከላቸው የነበረውም ቅባት ደርቆ ፍርፋሪ ሆኗል።

ይህ ቅባት በዕብራይስጥ “ሚሽሓ ተርሚት” ይባላል። እናቶቻችን ምጣድ ሲያሟሹ የጎመን ዘሩ የሸክላውን ቀዳዳ እንደሚደፍን ሁሉ፣ ቅባቱም በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለውን በዓይን የማይታይ ክፍተት ይሞላል። አሮጌውን በአልኮል ጠርጎ የአተር ፍሬ የምታህል አዲስ ቅባት በመካከሉ ማኖር ይበቃል። አብዝቶ መቀባት ጥቅም የለውም።

ልጁ ሲሠራ ያስጠነቀቀንን እንንገራችሁ። የኮምፒዩተሩን ውስጥ ከመንካታችሁ በፊት በእጃችሁ ላይ ያለው ኤሌክትሪክ እንዲወጣ የሣጥኑን ብረት ንኩ። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ስታራግፉ ማራገቢያውን በጣታችሁ ያዙት። ብረቱ ከፕሮሰሰሩ ጋር ተጣብቆ እምቢ ካለ በኃይል አትሳቡት፤ ፕሮሰሰሩን ከነእግሮቹ ነቅሎ ሊያመጣው ይችላል። ማሽኑን ጥቂት አሠርታችሁ ካሞቃችሁት በኋላ አጥፍታችሁ፣ ሶኬቱን ነቅላችሁ፣ በቀስታ ወደ ግራና ወደ ቀኝ አዙሩት። የመብራቱ ገመድ የሚገባበትን ሣጥን ግን በፍጹም አትክፈቱ፤ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም በውስጡ የሚገድል ኤሌክትሪክ ሊቀር ይችላል። ዕቃው ገና በዋስትና፣ “በአሕራዩት”፣ ላይ ከሆነም አትንኩት፤ ወደ ገዛችሁበት መልሱት።

ጽዳቱ ሁሉ ተደርጎ፣ ማራገቢያውም በደንብ እየዞረ፣ ማሽኑ አሁንም የሚጠፋ ከሆነ ያን ጊዜ ቴክናይ ያስፈልጋል። ስትሄዱ “ሀማሕሼቭ ሚትሐሜም” በሉ፤ ኮምፒዩተሩ ይሞቃል ማለት ነው። ክዳኑን በፊታችሁ እንዲከፍት ጠይቁ። ዋጋውንም በጽሑፍ፣ “ሃጻዓት መሒር” ብላችሁ፣ ከሥራው በፊት ተቀበሉ።

እኛ ለቅባቱና ለአልኮሉ ያወጣነው 50 ሼቄል አልሞላም። ገጹን ስንከፍት ሙቀቱ 41 ነበር። ልጃችን ጽሑፏን ከሀ ጀምራ በሁለት ሌሊት ጨረሰችው፤ በየአምስት ደቂቃውም ማስቀመጥ ለምዳለች።